የገፈርሳ መንገድና የአባት ፈቃድ



በአስኮ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ለዚህ ዓምድ ደብዳቤ ጽፈዋል። ደብዳቤው አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም፤ ያነሣው ጉዳይ ግን የብዙ ቤት ጉዳይ ስለሆነ ለብቻቸው ከመመለስ ይልቅ እዚሁ ልንነጋገርበት ወደድን።

የ16 ዓመት ልጅ አላቸው። ልጁ እሑድ እሑድ ሱብሒን በጀመዓ ሰግዶ እንደተመለሰ ሳይክሉን አውጥቶ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በቡራዩ በኩል ወደ ገፈርሳ ግድብ ይሄድና ረፋዱ ላይ ይመለሳል። ለአንድ ዓመት ያህል እንዲህ ሲሆን ቆይቶ፣ በረጀብ ወር ከጓደኞቹ አንዱ ብቻውን በሰበታ መንገድ ሲነዳ ገልባጭ መኪና ገፍቶት ከአስፋልቱ ወጣ፤ ጭኑ ተሰበረ። ልጁ አልሐምዱሊላህ ተርፏል፤ እስካሁን ግን በክራንች ነው የሚሄደው። አባትየው ይህን ከሰሙበት ቀን ጀምሮ የልጃቸውን ሳይክል ከመኝታ ቤት በር ጀርባ በሰንሰለት ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ይዘዋል። እናትየው እንዲህ ይላሉ፦ "ልጄ አባቱን ሰላም ከማለት በቀር ወሬ የለውም። የልጆቼን አባት ልቃወማቸው አልችልም፤ ፍርሃታቸው የእኔም ፍርሃት ነው። ነገር ግን ልጁ በሳይክሉ ምክንያት ከጫት ቤት ደጃፍ ርቆልኝ ነበር፤ አሁን የት እንደሚውል አላውቅም። በዚያ ላይ የ13 ዓመት እህቱ 'ለእሱ ከከለከላችሁት ለእኔ ስጡኝ' ማለት ጀምራለች። ወንድሞቼ፣ ምን ትመክሩናላችሁ?"

ሳይክሉ ይፈታ ወይስ እንደታሰረ ይቆይ የሚለውን ወንበር ላይ ተቀምጦ መወሰን ቀላል ነው። መንገዱን ሳያዩ መፍረድ ግን ትክክል ስላልመሰለኝ፣ ሦስት እሑዶችን ወስጄ ወጣቶቻችን የሚወጡባቸውን ሦስት መንገዶች ሄጄ አየሁ። የቡራዩን በሳይክል ሄድኩ፤ የሱሉልታንና የሰበታን፣ እውነቱን ለመናገር፣ በታክሲ ነው ያየኋቸው። ጉልበቴ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ጉልበት ነው።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን በደቡብ ምዕራብ፣ በምዕራብና በሰሜን የከበቡ ከተሞች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ከፉሪ፣ ከገላንና ከለገጣፎ ለገዳዲ ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ተብለዋል፤ ሰው ግን ዛሬም በየስማቸው ነው የሚጠራቸው። ሦስቱም ከአዲስ አበባ በሚወጡ ትላልቅ አውራ ጎዳናዎች ላይ የተቀመጡ ናቸው። ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ፣ ሰበታ በጅማ መንገድ። ሳይክል ይዞ ከከተማ መውጣት የሚፈልግ ወጣት እንግዲህ ከእነዚህ በሮች አንዱን መምረጥ ሊኖርበት ነው። በሮቹ ደግሞ እኩል አይደሉም፤ የዛሬው ጽሑፋችን ዋና ነገርም ይኸው ነው።

ወደ መንገዶቹ ከመግባታችን በፊት ግን "ሙስሊም ወጣት ሳይክል ላይ ምን ያደርጋል? ጊዜ ማባከን ነው" ለሚሉ ወገኖች አንድ ሁለት ቃል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ብርቱ አማኝ ከደካማው ይልቅ አላህ ዘንድ የተሻለና የተወደደ እንደሆነ፣ በሁለቱም ግን መልካም ነገር እንዳለ አስተምረዋል፤ ሐዲሱን ሙስሊም ዘግበውታል። ቀኑን በጾም ሌሊቱን በሶላት ብቻ ሊያሳልፍ የነበረውን ወጣቱን ሶሐባ ዐብደላህ ኢብኑ ዐምርንም አካልህ በአንተ ላይ ሐቅ አለው ብለው መልሰውታል። ሐቁ የሚወጣው በምግብና በእንቅልፍ ብቻ አይደለም። ስፖርቱም ቢሆን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትካፈል ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችንም ልካ ነበር። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። የጎረቤታችን የኤርትራ ልጅ ቢንያም ግርማይ በ2016 ዓ.ም. በዚያው ውድድር አረንጓዴውን ማልያ ለብሶ ጨርሷል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በሩዋንዳዋ ኪጋሊ ተካሂዷል። የአስኮው ልጅ ሻምፒዮን ይሆናል ማለቴ አይደለም። የሚወደው ነገር ዋዛ አለመሆኑን አባቱ ይወቁለት ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ገፈርሳ። ግድቡ ከአዲስ አበባ መሃል 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአምቦ መንገድ ላይ ይገኛል፤ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ንጽጽር ላስረዳ። በቱር ደ ፍራንስ ብስክሌተኞች ከሚፈሯቸው አቀበቶች አንዱ የጋሊቢዬ ተራራ መተላለፊያ ሲሆን ቁመቱ 2,642 ሜትር ነው። እንግዲህ የአውሮፓ ጋላቢ እያለከለከ የሚወጣበትን ከፍታ የአስኮ ልጅ ቁርሱን ሳይበላ ይደርስበታል። ልዩነቱ እነሱ ከሸለቆ ሥር ተነሥተው ነው የሚወጡት፤ እኛ ግን ቀድሞውኑ ከፍ ብለን ስለምንኖር ከመሃል ከተማ እስከ ገፈርሳ የምንጨምረው ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ መንገዱ ረጅም አቀበት እንጂ ገደላማ አቀበት አይደለም።

በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ልጅ አካሉ ለምዶታል፤ ለዒድ ከድሬዳዋ የመጣ የአክስት ልጅ ግን አቀበቱ ላይ ትንፋሹ ቢያጥር ስንፍና አይደለምና እንዳትስቁበት። ጥቂት ቀናት ይረፍ፣ ከዚያ ይሞክር። አየሩ ቀጭን መሆኑ ሌላም ጎን አለው። በሜዳ ላይ ፈጥኖ የሚነዳ ሰው ከሁሉ በላይ የሚታገለው አየሩን ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ሳይክሉ ይቀላል። ቤልጂጋዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 በአንድ ሰዓት 49 ኪሎ ሜትር ከ431 ሜትር ነድቶ ክብረ ወሰን የሰበረው ይህንኑ አስቦ ሜክሲኮ ሲቲ ድረስ ሄዶ ነበር፤ ሜክሲኮ ሲቲም ከገፈርሳ ዝቅ ያለች ከተማ ናት። ይህን የማነሣው ለጨዋታ አይደለም። በእኛ ቁልቁለቶች ላይ ሳይክል ልጁ ካሰበው በላይ ይፈጥናል፤ ፍሬኑም ከሚገመተው በላይ ይፈተናል።

ከመርካቶ ተነሥቼ በጳውሎስ ሆስፒታልና በዊንጌት በኩል አስኮ ስደርስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አልሞላም ነበር። እሑድ ማለዳ መንገዱ ሌላ መንገድ ነው፤ ሚኒባሶቹ ገና አልተነሡም፣ ባጃጆቹም ጥቂት ናቸው። ከአስኮ ወዲያ አቀበቱ ቀስ እያለ ይጀምራል። አንዱ ቦታ ላይ ወርጄ ስገፋ አህያ የሚነዳ ልጅ ጠጋ ብሎ "አባባ፣ ልግፋልዎት?" አለኝ። አላህ ይባርከው፤ እምቢ አልኩት፣ በኋላ ግን ትንሽ ጸጸተኝ።

በዚህ መንገድ ላይ አደጋው የሚጠብቃችሁ ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ቡራዩ ከተማ ውስጥ ታክሲ የሚቆምበት ሥፍራ ሁሉ ነው። ሚኒባስ ሰው ለመጫን ድንገት ወደ ቀኝ ይገባል፤ ሳይክል ነጂው በእሱና በእግረኛው መካከል ይጣበቃል። የቆመ ታክሲ ስታዩ በቀኙ በኩል ለማለፍ አትሞክሩ፤ ቁሙና ይሂድ። ሁለተኛው ከቡራዩ ወጥታችሁ የአስፋልቱ ጠርዝ የተበላባቸው ቦታዎች ናቸው። ከኋላ ከባድ መኪና ሲመጣ ልጆች በፍርሃት ወደ ጠርዙ ይሸሻሉ፣ ጎማው ከአስፋልቱ ወደ ጠጠሩ ይወርዳል፣ ለመመለስ መሪውን ሲያጥፉ መኪናው ፊት ይወድቃሉ። ከአስፋልት ከወረዳችሁ ወርዳችሁ ቆዩ፤ ሳይክሉ እስኪቆም ጠብቁ እንጂ በሩጫ ላይ አትመለሱ። ይህን አንድ ነገር የሚያውቅ ልጅ ግማሹን አደጋ ያመልጣል ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ግን ውኃው ይታያል። ማለዳ ላይ ውኃው እንደ ጨርቅ ተዘርግቶ፣ ጉሙ ከላዩ ሲነሣ ሱብሓነላህ ያሰኛል። በዳርቻው ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ክንፈ ሰማያዊ ዝይ ይግጣል። የደከመው ጉልበቴ እዚያ ስቆም ድካሙን ረሳው።

ወጣቶች ስለ ገፈርሳ ሲያወሩ "ግድቡን እንዞራለን" ይላሉ። ይህ ቃል መታረም አለበት። በግድቡ ዙሪያ ለሳይክል የተሠራ መንገድ የለም፤ ቦታው የመዝናኛ ሐይቅ ሳይሆን የመጠጥ ውኃ ማጠራቀሚያ ነው፤ ያለፈቃድ መግባትም አይገባም። ግድቡ ከሰማኒያ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሲሆን፣ ለገዳዲ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሥራ እስኪጀምር ድረስ የአዲስ አበባ ዋነኛ የቧንቧ ውኃ ምንጭ እሱ ነበር። ማጣሪያው በቀን 30,000 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 30 ሚሊዮን ሊትር ውኃ እንዲሰጥ የተሠራ ነው። በምዕራብ አዲስ አበባ ያለች እናት ሽሮ የምትሠራበት፣ ልጇ ዉዱእ የሚያደርግበት ውኃ ከዚህ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በማይንቀሳቀስ ውኃ ውስጥ መሽናትን ከልክለዋል፤ ግድብ ደግሞ የቆመ ውኃ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ከግድቡ በላይ ባሉት ጅረቶች ዳር ሳይክል በሳሙና የሚያጥቡ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጥለው የሚሄዱ ልጆች አይቻለሁ። አንዳንዶቹ "ይህ እኮ ገጠር ነው" ይላሉ። ወንድሞቼ፣ የጣላችሁት ነገር በሌላ መንገድ ቤታችሁ ይመጣል።

ስለ ዉዱእ ካነሣን፣ ልጆች "እዚያ ስንደርስ ዉዱእ ከየት እናምጣ?" ይላሉ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውኃ ዉዱእ ያደርጉ እንደነበር በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። ሙድ በአብዛኞቹ ዑለማዎች ስሌት ከሦስት አራተኛ ሊትር አይበልጥም፤ ሳይክል ላይ የሚታሰረው ትልቁ የውኃ ጠርሙስ ልክ ያህል ነው። ሁለት ጠርሙስ ያዙ፤ አንዱ ለጥማት፣ አንዱ ለዉዱእ። ዱሓን እዚያው ሜዳው ላይ ሰግዳችሁ ትመለሳላችሁ።

የሱሉልታው መንገድ ሌላ ነው። በአዲሱ ገበያ በኩል ወጥቶ የእንጦጦን ተራራ ይሻገራል፤ ጫፎቹ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነው ይኸው ተራራ ነው። ከማዶ የሱሉልታ ሜዳ ይዘረጋል። ሜዳውን ማለዳ ያየ ሰው ሯጮቹን አይረሳቸውም፤ በረድፍ ሆነው፣ ትንፋሻቸው እየጨሰ ያልፋሉ። የብሪታንያው ሯጭ ሞ ፋራህ ሳይቀር ለልምምድ እዚህ ይመጣ ነበር። (በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን ላይ በ5,000 ሜትር የቀደመው የእኛው ሙክታር እድሪስ ነው፤ ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልቻልኩም።) ሯጮቹ ግን በሜዳው ላይ ይሮጣሉ፤ ሳይክል የሚነዳው አስፋልቱ ላይ ነው። አስፋልቱ ላይ ደግሞ የጎጃም ጭነት አለ፣ ከደርባ የሚመጣ ሲሚንቶም አለ። አቀበቱ ላይ ሳይክል የእግረኛን ያህል ብቻ ሲሄድ ተሳቢው ከኋላው ትዕግሥት ያጣል። ሲመለሱ ያለው ቁልቁለት ደግሞ ከአቀበቱ ይብሳል። በክረምት ጉም ይወርዳል፣ ቸርኬው ሲረጥብ ፍሬን ወዲያው አይይዝም። ይህ መንገድ ሙሉ ሰው ለሆነ፣ ፍሬኑን ለሚያውቅ፣ በበጋ ወር ከቡድን ጋር ለሚሄድ ነው። ለ16 ዓመት ልጅ ያለ አዋቂ አልፈቅድም።

ሰበታን በአጭሩ ልናገር። ከአየር ጤና እስከ ዓለም ገና፣ ከዚያም እስከ ሰበታ ድረስ ፋብሪካው በፋብሪካ ላይ ነው፤ ዓለም ገና ላይ የቡታጅራው መንገድ ይገነጠላል፤ ገልባጩ፣ ተሳቢው፣ የሠራተኛ ማመላለሻ አውቶቡሱ እሑድ እንኳ አያርፍም። ከሌሎቹ ሁለቱ ዝቅ ያለና ለጉልበት የሚቀል ስለሚመስል ጀማሪዎች ይመርጡታል። ለጉልበት የቀለለ መንገድ ለነፍስ የቀለለ ማለት አይደለም። የዚያ ልጅ ጭን የተሰበረውም እዚህ ነው። ለጊዜው ይህ መንገድ ለሳይክል አይሆንም ብዬ ሳላመነታ እናገራለሁ። ከዚህ ሌላ በሰበታ የኖረ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ከተማዋ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት አለባት፤ ዓይነ ስውራን ወንድሞችና እህቶች በመንገድ ዳር በበትራቸው ይሄዳሉ። መኪና ድምፅ አለው፤ ሳይክል ግን ሳይሰማ ነው የሚደርሰው። ዐብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱምን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምን ያህል እንዳከበሯቸው የተማረ ወጣት፣ በየትም ከተማ ይሁን፣ በትር የያዘ ሰው ሲያይ ደውል መምታትና ፍጥነት መቀነስ አለበት። አንዳንድ ልጆች ደውሉን ለጌጥ አድርገው ፈትተው ይጥሉታል።

እንግዲህ ወደ አባትየው እንመለስ። እኔ እሳቸውን አልወቅስም። አባት በቤቱ ላይ እረኛ ነው፤ ስለ መንጋውም ይጠየቃል። ሳይክሉን የቆለፉት ልጁን ጠልተው ሳይሆን ያንን ክራንች አይተው ነው። ነገር ግን በሱረቱ ዩሱፍ ያለውን ታሪክ እስቲ እናስታውስ። የዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ወንድሞች ልጁን ከእኛ ጋር ላከው፣ ይጫወት ብለው አባታቸውን ሲጠይቁ ነቢዩላህ ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) ጨዋታውን አልነቀፉም፤ የፈሩት ተኩላውን ነው፤ እሱንም በግልጽ ተናገሩ። ዓመታት ካለፉ በኋላም እኚሁ አባት ልጆቻቸውን ወደ ግብጽ ሲልኩ አትሂዱ አላሉም፤ በተለያዩ በሮች ግቡ ብለው ነው የመከሯቸው። ፍርሃታቸው አልጠፋም ነበር፤ ፍርሃቱን ወደ ጥንቃቄ ለወጡት። የአስኮው አባት የሚፈሩት ገልባጩን ከሆነ፣ ልጁን "ሳይክል አትንዳ" ከማለት ይልቅ "በዚያ በር አትውጣ፣ በዚህ ውጣ" ቢሉትስ?

ምክሬ ይህ ነው። አባትየው አንድ እሑድ ማለዳ እስከ ገፈርሳ በታክሲ ይሂዱና መንገዱን በዓይናቸው ይዩ፤ ልጁ ከጓደኛው ጋር በሳይክል ይምጣ፤ ግድቡ ጋ ይገናኙ። ሻይና አምባሻ ይዘው ቢሄዱ ደግሞ እናትየው የሚመኙት ወሬ እዚያው ይጀመራል። ከዚያ ወዲያ የሚስማሙበትን ይስማሙ። ገፈርሳ ብቻ፣ እሑድ ብቻ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ እንጂ በጨለማ አይደለም፣ ብቻውን ፈጽሞ አይደለም፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ቤት። በክረምት ዝናብ ባለበት ቀን ይቅር። ልጁ ቃሉን አንድ ቀን ካፈረሰ ቁልፉ ወደ ኪስ ይመለስ፤ ይህንንም ልጁ አስቀድሞ ይወቅ። ልጁም በበኩሉ፣ አባቱ ቢፈቅዱም ባይፈቅዱም ዝምታውን ይተው። ወላጅን በዝምታ መቅጣት ከጀግንነት አይቆጠርም።

እህቲቱስ? "ሴት ልጅ ሳይክል ላይ?" የሚሉ ይኖራሉ። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ የአካባቢያችሁን ዑለማ ጠይቁ። የማውቀው ግን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋር ሮጠው አንድ ጊዜ እሷ እንደቀደመቻቸው፣ በሌላ ጊዜ እሳቸው ቀድመው ይህች በዚያች ናት ብለው እንደቀለዱ አቡ ዳውድ መዝግበውታል። የቁረይሽ ሴቶችንም ግመል ከሚጋልቡ ሴቶች መካከል በላጭ ብለው አወድሰዋል፤ ግመል ላይ የተፈቀደው መቀመጥ ሳይክል ላይ ለምን እንደሚከለከል አልገባኝም፣ አለባበሱና ቦታው ከተጠበቀ። የ13 ዓመት ልጅ ግን የአምቦ መንገድ ጀማሪ አትሆንም፤ ይህን ለወንድሟም በ13 ዓመቱ እንዲሁ እል ነበር። በግቢ፣ በሰፈር ሜዳ ትጀምር። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት በአዲስ አበባ አንዳንድ ጎዳናዎች ላይ የሳይክል መስመር አበጅቷል፤ ከአባቷ ወይም ከወንድሟ ጋር ማለዳ ወጥታ ብትለማመድ መልካም ነው። ረጅም ቀሚስ ካቴና ውስጥ ገብቶ ስንቱን ጥሏል፤ ስለዚህ ከቀሚሱ ሥር ሱሪ፣ ካቴናው ላይ መሸፈኛ፣ መሃሉ ዝቅ ያለ የሴት ሳይክል። የሒጃቡም ጫፍ ወደ ውስጥ ይታሰር እንጂ በነፋስ አይንሳፈፍ።

አንድ ሰው ግመሌን ልሰራት ወይስ ልተዋትና በአላህ ልመካ ብሎ ሲጠይቅ እሰራትና ተመካ የተባለውን ሁላችንም እናውቃለን። የሳይክል ማሰሪያው ፍሬኑ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ሁለቱንም ፍሬን ጨብጣችሁ ሳይክሉን ወደፊት ግፉት፤ ጎማው ከተሽከረከረ ዛሬ አትሄዱም። ጎማውን በአውራ ጣት ተጭናችሁ እዩ። ከቡራዩ ወዲያ ጎሚስታ በየደጁ አይገኝምና አንድ ትርፍ ከመነዳሪና ፓምፕ ያዙ፤ ለታክሲ የሚበቃ ገንዘብም ከኪሳችሁ አይጥፋ። ራስ ላይ ሄልሜት፣ ከላይ ከሩቅ የሚታይ ደማቅ ልብስ። ጥቁር ጃኬት ለብሶ በማለዳ ጉም ውስጥ የሚነዳ ልጅ ለሾፌሩ የለም ማለት ነው። ሾፌሩ ሁሉ ክፉ አይደለም፤ አብዛኛው ያላየውን ነው የሚገጨው። ጆሮ ላይ ሙዚቃም ሆነ ዳዕዋ አይሁን፤ የዳዕዋው ካሴት ቤት ይጠብቃችኋል፣ መኪናው ግን አይጠብቅም። የመሳፈሪያውን ዱዓም አትርሱ፤ ለግመልና ለመርከብ የተባለው ለሳይክልም ይሆናል።

በረመዳን ቀን ላይ ወደ ገፈርሳ መውጣት አያስፈልግም። ከፍታው፣ ፀሐዩና ጥሙ ሲደመሩ ራስ ያዞራል፤ ራሱ የዞረ ልጅ ደግሞ አስፋልት ላይ ነው ያለው። ሰውነቱ እንዳይተኛ የፈለገ ከተራዊሕ በኋላ በሰፈሩ ይራመድ።

በደብዳቤው ግርጌ በሌላ የእጅ ጽሑፍ አንዲት መስመር ተጨምራለች፤ የልጁ ትመስለኛለች። "ወደ ገፈርሳ ስንሄድ ሙሳፊር ነን? ሶላት ማሳጠር ይቻላል?" ይላል። ጥያቄው ደስ ብሎኛል፤ ሳይክሉ ከተቆለፈ በኋላም ልቡ መንገድ ላይ እንደሆነ ያሳያል። መልሱ አይቻልም ነው። ብዙኃኑ ዑለማ ለማሳጠር የሚጠይቁት ርቀት በአንድ አቅጣጫ 80 ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ነው፤ ገፈርሳ 18 ነው። ሆለታም ቢደርስ አይሞላለትም። በዚያው መንገድ ገፍቶ አምቦ ከደረሰ ግን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና ያኔ ዙህርን ሁለት ረከዓ ይሰግዳል፤ ያን ጊዜ ኢንሻአላህ ለዚህ ዓምድ እሱ ራሱ ይጻፍልን፣ አባቱም ይፈርሙበት።